የነጂው ወንበር

ሽማግሌው ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው ከበሩ ፊት ቆመዋል። በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ይንጠለጠልበት የነበረው ምስማር ባዶውን ቀርቷል። አንዴ ምስማሩን፣ አንዴ በሩን አዩና ኮሪደሩ ውስጥ ካለው የጫማ ሳጥን ላይ ቁጭ አሉ። ልጃቸው ይህን ሁሉ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ሆኖ፣ ግማሽ ፊቱ አረፋ፣ ግማሹ የተላጨ እንደሆነ ተመለከተ። ከማድ ቤት ሚስቱ ከእህቷ ጋር በስልክ ስታወራ ይሰማል። «ትናንት ነው ያነሳሁት፤ ምን ላድርግ ታዲያ? መኪና ቢገጫቸው ለሰው ምን እላለሁ?» ትላለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ዕድሜ ልካቸውን የሠሩትን ሥራ የረሱ ሰውዬ የቤታቸውን መንገድ አይረሱም ትያለሽ? ዛሬ ሐኪም ጋ እንወስዳቸዋለን። ሐኪሟ የመርሳት በሽታ ነው ካለች ቁልፉን ለዘለቄታው ነው የምደብቀው።»

ልጅየው ወደ መስታወቱ ተመልሶ ምላጩን አገጩ ላይ እንዳደረገ ቀረ። እዚያ ቤት ውስጥ አባትየው ምንም እንዳልረሱ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንደኛው የጫማ ሳጥን ላይ ተቀምጠዋል፣ ሌላው ከመስታወቱ ውስጥ አፍጥጦበታል። ጠዋት ጠዋት መውጣት ለሽማግሌው እንደ ምግብ መሆኑንም ያውቃል። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ የቀራቸው ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ ገበያውን ዞረው፣ ጋዜጣ ሻጩን ሰላም ብለው፣ እስከ ሐዲዱ መሻገሪያ ወርደው፣ ድንጋይ ላይ አረፍ ብለው መመለስ። ወጥቶ «አባባ ምንም አልረሱም» ማለት ነበረበት። ፊቱን ታጥቦ ወጣና «አባባ፣ ቁርስ ደርሷል» አለ።

ልጅየውን በሰፈሩ «ባለባቡሩ» ነው የሚሉት። ባቡር ያለው እንዳይመስላችሁ፤ ገበያው መሃል መነጽር የሚሸጥ፣ የደንበኛን አፍንጫ አይቶ «ይሄ እኮ ለእርስዎ ተብሎ የተሠራ ነው» የሚል፣ ምላሱ ማር የሆነ ነጋዴ ነው። ስሙ የወጣለት ሳሎኑ ውስጥ በመስታወት ሳጥን ባስቀመጣት፣ ክንድ በምታክል የእንፋሎት ባቡር ሞዴል ነው። የገዛት ባሏ ከሞተባት ሴትዮ ላይ ነው። በዋጋዋ ደህና ማቀዝቀዣ ይገዛ ነበር፤ ሚስቱም ይህንኑ እያነሳች ክረምቱን ሙሉ አኩርፋ ከርማለች። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ባቡሯ ታምራለች። እንግዳ ሲመጣ ነጭ የጥጥ ጓንቱን ያጠልቅና ሳጥኑን ይከፍታል። «እስቲ ያዛት፤ ቆርቆሮ እንዳትመስልህ፣ ነሐስ ናት» ይላል። እንግዳው ሲቀበላት ክንዱ ዝቅ ይላል፤ ያቺን ዝቅታ ማየት ለባለባቡሩ ከምሳ ይበልጥበታል። ከዚያ አጭሯ ሐዲድ ላይ መልሶ በአንድ ጣቱ ገፋ ያደርጋታል፤ ትላልቆቹ ጎማዎች ሲዞሩ ጎናቸው ያሉት ዘንጎች አብረው ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፤ መንገጫገጭ የለ፣ መንገዳገድ የለ። የቦይለሯ ብሎኖች የሰናፍጭ ፍሬ ያክላሉ፤ አንዱም አልተዘለለም። የእሳቱ በር በጥፍር ይከፈታል። የእንፋሎት መለኪያዋ መርፌ ከፀጉር ስለምትቀጥን፣ እሷን ለማሳየት ከሱቁ ያመጣውን አጉሊ መነጽር ያቀብላል። ከኋላዋ የጫነችው ከሰል የእውነት የድንጋይ ከሰል ነው፣ ተፈጭቶ። የማይወድላት ነገር ቢኖር ቀለሟን ነው፤ ጥቁሩ ይብለጨለጫል፤ የሠራት ሰው ገዢ ዓይን ውስጥ ትግባ ብሎ ያበዛው ይመስለዋል። በመጨረሻ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክለዋን የነጂ ወንበር በክብሪት እንጨት ጫፍ ያሳይና «አባቴ ነው እንግዲህ እዚህ ላይ ተቀምጦ ይነዳት የነበረው» ይላል። ይቺን ካላከለባት ባቡሯ ነሐስ ብቻ ትሆንበታለች።

አባትየው ግን ለሥራ ብለው ባቡር ነድተው አያውቁም። ከሰል ጨማሪ ነበሩ። ነጂው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ሐዲዱን ሲያይ፣ ከኋላው ቆሞ ከሰል በአካፋ እየዛቀ እሳቱ አፍ ውስጥ የሚወረውረው፣ ፊቱ እየተጠበሰ ጀርባውን ብርድ የሚመታው፣ እሳቸው ናቸው። ይሄ ምን የሚያሳፍር ነገር አለው ትሉ ይሆናል። ምንም የለውም። ነገር ግን ባለባቡሩ ሚስቱን ሊያገባ ቤተሰቦቿ ዘንድ በቀረበ ቀን፣ ርዕሰ መምህር የነበሩት አባቷ «አባትህ በምን ሥራ ላይ ናቸው?» ቢሉት ምላሱ ቀደመውና «የባቡር ነጂ» አለ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ወላጆቹ ሩቅ፣ ባቡር ጣቢያው ያለበት ከተማ ይኖሩ ስለነበር፣ አባትየውም ለሠርጉ ሲመጡ ከሰላምታ በላይ የሚያወሩ ሰው ስላልነበሩ፣ ውሸቷ ለዓመታት ጥግ ይዛ ተኛች። ባቡሯ ስትገዛ ግማሽ ዓይኗን ገለጠች፤ እናቱ ሞተው አባቱን ወደ ቤቱ ሲያመጣ ጨርሳ ነቃች።

ነገሩ የፈነዳው ባለፈው ሰሞን፣ የሚስቱ ወንድም ለምሳ የመጣ ቀን ነው። ባለባቡሩ ጓንቱን አጥልቆ ሁሉን አሳይቶ ሲጨርስ፣ ሽማግሌው አጉሊ መነጽሩን ለመኑና ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ። «ንጹሕ ናት» አሉ በመጨረሻ፤ «እኔ እሷን እንዲህ ንጹሕ ሆና አይቻት አላውቅም።» ሁሉም ሳቀ። ሳቁ የልብ ልብ ሰጣቸውና በትንሿ ጣታቸው እያመለከቱ ቀጠሉ። «ይቺ የፉጨት ወንበር ናት» አሉ፤ ፉጨት የሚሉት አብሯቸው የሠራውን ነጂ ነው፣ የባቡሩን ፊሽካ እንደ ዜማ ስለሚነፋ የወጣለት ስም ነው። «እኔ ደግሞ እዚህ፣ በከሰሉና በእሳቱ መሃል። ከሰል ጨማሪ ወንበር የለውም። መቼ ሊቀመጥ?» የሚስቱ ወንድም ቀና ብሎ ባለባቡሩን አየው። ባለባቡሩም ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ለደንበኛ የሚያወጣትን ፈገግታ አውጥቶ፣ «አባባ አንዳንዴ ይረሳሉ» አለ። ሽማግሌው አልተቆጡም። መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ ልጃቸውን ረዘም አድርገው አዩት፣ ከዚያ ምሳቸውን በሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሚስትየው ዳቦውን ትቆርስላቸዋለች፤ እንደ ሕፃን ጮክ ብላ፣ ቃል በቃል እየለየች ታናግራቸዋለች። ክፉ ሆና አይደለም፤ ትወዳቸዋለች፤ የሚያሳዝነውም እሱ ነው። አንድ ቀን ቧንቧ ሳይዘጉ ወጡ፤ ሌላ ቀን ሐዲዱ ዳር ተቀምጠው ምሳ ሰዓት አለፋቸው። ቧንቧ ረስቶ የማያውቅ ማን አለ? ግን ሰው አንዴ ይረሳል ከተባለ ማስነጠሱም መርሳት ነው። እሳቸውም ነገሩ ሲገባቸው ዝም አሉ፤ ዝምታቸውም ለሚስትየው ሌላ ምልክት ሆነ። አባትና ልጅ በየማዕዱ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ጨው አቀብለኝ፣ በሩን ዝጋው፣ ደህና እደር። ሌላ ነገር የለም።

ክሊኒኩ ቅርብ ስለሆነ ሦስቱም በእግራቸው ሄዱ። ሚስትየው ክንዳቸውን ይዛ፣ ባለባቡሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቶ። መጠባበቂያው ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ድምፁ የጠፋ ቴሌቪዥን፣ ጥርስ እንዴት እንደሚቦረሽ የሚያሳይ ሥዕል አለው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሥዕሉን ሲያዩ ቆዩና «እኔ እኮ የቀሩኝ አራት ናቸው» አሉ ለማንም ሳይሆን። አጠገባቸው ያለች ነፍሰ ጡር ሳቀች። ሚስትየው ግን «አይዞዎት አባባ፣ ለጥርስ አይደለም የመጣነው» አለቻቸው። ባለባቡሩ ይህን ሰማ። አባቱ ሲቀልዱ ቀልዳቸውን እንኳ የሚሰማ ጠፋ፤ ያጠፋውም እሱ ነው።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ድምፀ ለስላሳ፤ ከጠረጴዛዋ ተነስታ አጠገባቸው መጥታ ተቀመጠች። ሚስትየው ነገሩን ቀድማ አስረዳች። «ዋናው ነገር ሥራቸውን መርሳታቸው ነው ዶክተር። ዕድሜ ልካቸውን የባቡር ነጂ ነበሩ፤ አሁን ግን ከሰል ጨማሪ ነበርኩ ይላሉ። ባለቤቴ ነው የደረሰበት።» ሐኪሟ ወደ ባለባቡሩ ዞራ «እንዲያ ነው?» አለችው። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አራት ሰው ሲገባባት የሰው ትንፋሽ ይሰማል። ባለባቡሩ የሚስቱን ፊት አየ፣ በርዕሰ መምህሩ ሳሎን ያን ቀን የተናገረው ትዝ አለው፣ ወንድሟ ትዝ አለው፣ «የከሰል ጨማሪ ልጅ ሆነህ ነው እንዴ ይሄን ሁሉ ዓመት የነጂ ልጅ ነኝ ስትለን የኖርከው?» የሚለው ሳቁ ገና ሳይሳቅ ጆሮው ውስጥ ጮኸ። «አዎ... አንዳንዴ» አለ።

ጥያቄው ተጀመረ። ቀኑን ጠየቀቻቸው፤ ነገሯት። ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሱ ወደ ታች እንዲቆጥሩ ነገረቻቸው፤ ከሷ ፈጥነው ወረዱና «በቃሽ ወይስ ምድር ቤት ልግባ?» አሏት። ሰዓት እንዲስሉ ወረቀት ስትሰጣቸው «ስንት ሰዓት ላይ ላቁምልሽ?» ብለው ጠይቀው ሳሉ። ሐኪሟ ፈገግ አለች። ከዚያ ወረቀቱን አስቀምጣ «አባባ፣ ሥራዎ ምን ነበር?» አለች።

ሽማግሌው መጀመሪያ ሚስትየውን አዩ፤ ልጇ ትምህርት ቤት መድረክ ላይ ወጥቶ ግጥም የጠፋበት እናት መስላ፣ ወደ ፊት ተስባ፣ አፏን ከፈት አድርጋ ትጠብቃለች። ከዚያ ጭኗ ላይ ያለውን ቦርሳ አዩ፤ የቤቱ ቁልፍ እዚያ ውስጥ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ከዚያ ልጃቸውን አዩ። አሁን እናገራለሁ አለ ባለባቡሩ በልቡ፤ አሁን፣ እሳቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ። እሳቸው ቀደሙት። «ነጂ» አሉ ሽማግሌው። «የባቡር ነጂ ነበርኩ።»

የሚስትየው ዓይን እንባ አቀረረ። ሐኪሟ ግን ማረጋገጥ ፈልጋ «ከሰል ጨማሪውስ?» አለቻቸው።

«እሱማ ጓደኛዬ ነበር» አሉ ባርኔጣቸውን እያዞሩ። «ምንም የማይል ሰው ነበር።»

ሐኪሟ ዕድሜ እንጂ በሽታ የለባቸውም አለች። መራመድ፣ መውጣት፣ ሰው ማግኘት ይጠቅማቸዋል፤ አትከልክሏቸው አለች። ኮሪደሩ ላይ ሚስትየው ቦርሳዋን ከፍታ ቁልፉን በሁለት እጇ ሰጠቻቸውና «ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ፣ ፈርቼ ነው» አለች። ጉንጯን ዳሰሷት። የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ከሰዓት በኋላ ባቡሯን ሊያዩ ይመጣሉና፣ የምታቀርበውን ልትገዛ በዚያው ወደ ገበያ ታጠፈች፤ ከኋላ ስትታይ እርምጃዋ ቀሎላት ነበር።

አባትና ልጅ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ለመሄድ ሳይሆን ለመቀመጥ ነው። አንድ አውቶቡስ መጣ፣ ሰው አራገፈ፣ ሄደ።

«ዛሬ ቤት ስንገባ እነግራታለሁ አባባ። ሁሉንም።»

«ምን ብለህ?»

«እንደዋሸሁ ነዋ። እርስዎ ምንም እንዳልረሱ።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል አቆሙ። «ታዲያ ሐኪሟ ፊት ነጂ ነበርኩ ያልኩት ምን ሊባል ነው? ሚስትህ ያንተን ምላስ ታውቃለች፤ ለኔ አዝነህ የምትዋሽ ነው የሚመስላት። ወይ ደግሞ ባታምንህ ሐኪሟን ትጠይቃታለች፤ ሐኪሟም ሽማግሌው ሥራውን አያውቅም ማለት ነው ትላለች። ቁልፉ ወደ ቦርሳው ይመለሳል። ያን የምሳ ቀን ብትናገር እውነት ነበር፤ ዛሬ ጠዋትም ሐኪሟ ስትጠይቅህ እውነት ነበር። አሁን ብትናገረው በሩን የምትዘጋው በኔ ላይ ነው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ቁማር የምጫወትበት ቀን የለኝም።»

ባለባቡሩ ይቅርታ ሊል ፈለገ፤ ቃሉ ግን በየቀኑ ሱቁ ውስጥ «ይቅርታ፣ ይሄ ቁጥር የለንም» የሚልበት ቃል ሆነበትና ዋጠው። ሽማግሌው መንገዱን እያዩ፣ ከስንት ዘመን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ብዙ ተናገሩ።

«እዚያ ወንበር ላይ አንዴ ተቀምጫለሁ። አልነገርኩህም። ቁልቁለት ላይ ነበርን። ፉጨት ፊሽካውን ነፋ፣ ግማሽ ላይ ተወው። ዞር ስል ተደፍቷል። ልቡ ነው። ዓመታት ሙሉ ሲያደርግ ያየሁትን አደረግኩ፣ የፍሬኑን እጀታ ሳብኩ፤ ጣቢያው ሳይደርስ ቆመች። ፉርጎው ውስጥ ያለው ሰው ይበላል፣ ይጨቃጨቃል፤ አንድም ያወቀ የለም። እኔ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ጭንቅላቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ሰው እስኪመጣ ጠበቅኩ። በኋላ አለቆቹ ጠሩኝና ሠልጥንና ነጂ ሁን አሉኝ። እናትህ ለምናኝ ነበር። የሱ ወንበር ላይማ አልቀመጥም አልኩ፤ አካፋዬን እንደያዝኩ ጡረታ ወጣሁ።» ከዘራቸውን ጨበጡ። «ዛሬ ወንበሩን ወሰድኩበት።»

ለባለባቡሩ አባቱ ነጂ መሆን አቅቷቸው የቀሩ ይመስለው ነበር ዕድሜ ልኩን፤ ያፈረውም በዚያ ነበር። እምቢ ያሉትን ነገር እሱ በመስታወት ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ ለእንግዳ ሁሉ ሲያድልላቸው ኖሯል። እጃቸውን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፤ እሳቸው ግን ለመነሳት እንዲደገፉበት የዘረጋው መስሏቸው ጫን ብለውበት ተነሱ። «ትንሽ ልዙር» አሉና ወደ ገበያው በኩል አዘገሙ። ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ሲንቃጨል ከሩቅ ይሰማል።

ዳይሬክተሩ ወፍራም፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ናቸው። ሶፋው ላይ ተመቻችተው ኬክ እየበሉ፣ ባቡሯን ሲያዩ «ወይ ጥበብ» አሉ። ባለባቡሩ ጓንቱን አጠለቀ። እስቲ ያዟት አለ፤ ክንዳቸው ዝቅ አለ፤ እሱ ምንም አልተሰማው። ሚስቱ ከመደሰቷ የተነሳ አላስችል ብሏታል። «ዛሬ አባባን ሐኪም ጋ ወስደናቸው ነበር፤ ሥራቸውን አስታወሱ! አሁን ብቻቸውን ወጥተው እየዞሩ ነው» አለች። ከዚያም ወደ ባሏ ዞራ «ንገራቸው እንጂ፣ አባባ እንዴት ይነዷት እንደነበር» አለችው።

ባለባቡሩ በሩን አየ። ምስማሩ ላይ ቁልፍ የለም፤ ቁልፉ ከአባቱ ጋር ነው፤ እዚያው ይቆይ ዘንድ መናገር አለበት። ነገራቸው። አባቱ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ሐዲዱን እንዴት እንደሚያዩ፣ ፊሽካውን እንደ ዜማ እየነፉ ከተማ እንዴት እንደሚገቡ፣ ቁልቁለቱ ላይ እጀታውን እንዴት እንደሚይዙ ነገራቸው። ቀድሞ እንግዳ ሲያዳምጠው የሚቀጥፈውን ያህል አልቀጠፈም፤ የአሁኑ ሁሉ የተደረገ ነገር ነበር፣ ያደረገው ሰው ሌላ ነው እንጂ። ዳይሬክተሩ ኬካቸውን ረስተው ሰሙ።

«ከሰሉን ደግሞ የሚጨምር ሰው አለ አይደል?» አሉ በመጨረሻ። «እንዲህ ያለ ሥራ ብቻ አይሠራም።»

«ጓደኛቸው ነበር» አለች ሚስትየው ፈጥና። «ዛሬ ራሳቸው አነሱት፤ በሕይወት ካለማ ፈልገን እናገናኛቸዋለን። አለ እንዴ?»

ትፈልገዋለች፤ ያወቃት ያውቃታል። ነገ ባቡር ጣቢያው ያለበት ከተማ ትደውላለች፣ ጡረተኞችን ትጠይቃለች፣ ጠይቃም ከከሰል ጨማሪዎቹ መሃል የአባቱን ስም ታገኛለች። ባለባቡሩ ሳጥኑን ዘጋ። «የለም» አለ። «ሞቷል። ሥራ ላይ እንዳለ።»

ዳይሬክተሩ ሳህናቸውን አስቀምጠው «ነፍስ ይማር» አሉ። ሚስቱም «ነፍስ ይማር» አለች። ሁለቱም ወደሱ አዩ፤ እሱም ጓንቱን ሳያወልቅ «ነፍስ ይማር» አለ።